ሲስተር ያልነኩት ሻይ

ሲስተር ሻያቸውን አልነኩም።

እታለም ትሪውን ይዛ በአጠገባቸው ደጋግማ አለፈች። ከቦርዱ ለለቅሶ ከመጡት ሦስት ሰዎች መካከል ጠበቃው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጨርሰው ሌላ አስቀድተዋል። ጡረተኛው መምህር ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ስለ ሟቹ ደግነት ያወራሉ፤ ጢማቸው ላይ ፍርፋሪ ተንጠልጥሏል። የሦስተኛዋ፣ የነርሷ የሲስተር ብርጭቆ ግን እንደተቀመጠ ነው። እንፋሎቱ ጠፋ፤ ቀለሙ ጠቆረ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ቤቱን ይቃኛሉ። ኮሪደሩን ያያሉ። ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን ዝግ በር ያያሉ።

«ሲስተር፣ ቀዘቀዘብዎት እኮ። ልለውጥልዎት?»

«ተይው የኔ ልጅ፤ ይበቃኛል።»

«ምኑ ነው የበቃዎት? አልቀመሱትም!»

«ይበቃኛል አልኩሽ።»

 ሌላ ሰው ቢሆን «ስኳር ይኖርባቸዋል» ብሎ ያልፈው ነበር። እታለም ግን የሰብሳቢው ልጅ ናት። ሟቹ አባቷ እስኪታመሙ ድረስ የቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ። ቦርዱ የራሳቸውን ጉዳይ ብቻቸውን መምራት የሚያስቸግራቸውን አዋቂዎች ጥቅም ይጠብቃል፤ አእምሯቸው የዘገየውን፣ በእርጅና የሚረሱትን፣ በሕመም አልጋ ላይ የቀሩትን። የት ይኑሩ፣ ከማን ጋር ይኑሩ፣ ማን ይቁምላቸው የሚለውን አይቶ የሚወስነው እሱ ነው። በቦርዱ ውስጥ ደግሞ የማይነካ ደንብ አለ። ጉዳዩ የተመራለት አባል፣ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ከዚያ ቤት ምንም አይቀምስም። ውሃም ቢሆን።

እታለም ልጅ ሳለች አባባ ለቦርዱ ሥራ ከገቡበት ቤት ሲመለሱ ከንፈራቸው ደርቆ ነው። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ውሃ ይጠይቃሉ። «ሰዎቹ ወተት አቅርበውልኝ ነበር» ይላሉ እየተጎነጩ። እናቷ «ታዲያ ወተት ጠልተህ ነው?» ስትላቸው፣ «ኧረ ወድጄው! ለዚህ እኮ ነው ያልጠጣሁት» ብለው ይስቃሉ።

ስለዚህ ገባት። ሲስተር ለለቅሶ ብቻ አልመጡም። ስለዚህ ቤት ለቦርዱ ያመለከተ ሰው አለ፤ ጉዳዩም ለሲስተር ተመርቷል። በዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ የቦርድ ጉዳይ የሚሆን አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። እሱም ከዝጉ በር ጀርባ አልጋው ላይ ተቀምጦ የሬዲዮ ጣቢያ ይቀያይራል። ታናሽ ወንድሟ ማሙሽ። ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ ከማሙሽ ሌላ ግን የሚጠራበት ስም የለውም። የተነገረው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ መልሱም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

«ሊወስዱብኝ ነው» አለች በልቧ። 

ወጥ ቤት ገብታ በሩን በጀርባዋ ገፋችው። ጎረቤቷ ባለዳቦዋ፣ ለቅሶው ከተቀመጠ ጀምሮ የእንግዳውን ዳቦ የምታቀርበው፣ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየቻት።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ሲስተር ሻይ አልጠጡም።»

«ታዲያ ይሄ ያስለቅሳል? እኔስ የአንቺን ሻይ የምጠጣው ለይሉኝታ አይደል?»

እታለም አልሳቀችም። ደንቡን ነገረቻት። ባለዳቦዋ ሰምታ ሰምታ አንገቷን ዘመም አደረገች።

«እሺ፣ ቢቀምሱስ?»

«ከቀመሱማ ጉዳዩ ከእጃቸው ይወጣል። ለሌላ አባል ይመራል።»

«ለማን?»

«እንጃ። ምናልባት ለጠበቃው።»

ይህን ስትል ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። ጠበቃው የአባባ የልብ ወዳጅ ናቸው። ሰው ፊት ላይ እንባ ካዩ እምቢ ማለት አይችሉም።

ባለዳቦዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እንግዲያው ለእኔ ተይው። ዳቦዬን አሽትቶ ሳይቆርስ የወጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ነገ ትኩስ ትኩሱን ይዤ ከች ነው።»

«በሀዘን ቤት ሰው ልናጠምድ?»

«ምን ማጥመድ አመጣው? ማብላት እኮ ነው!»

የቦርዱ ሰዎች ሲወጡ እታለም ታላቅ ወንድሟን ፈለገችው። ወንድምጋሼ ግቢው ውስጥ እንግዶች ይሸኛል። መድኃኒት ቤት አለው፤ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። ክንዱን ይዛ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ወሰደችው።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ምኑን?»

«ምኑን አትበለኝ። ለቦርድ ያመለከትከው አንተ ነህ?»

ወንድምጋሼ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ለበሽተኛ ደስ የማይል ነገር ሲናገር እንዲህ ያደርጋል።

«አዎ። አባባ ሆስፒታል የገባ ሰሞን።»

«በቁሙ! አባባ ገና እየተነፈሰ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

«እታለም፣ ተረጋጊና ስሚኝ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ስፌት ቤት ነሽ። ማን ሊጠብቀው ነው? እንደ አባባ ከውጭ ቆልፈሽበት ልትሄጂ ነው? የጋራ መኖሪያውን ሄጄ አይቼዋለሁ። እያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው፤ ረዳት አለ፤ አትክልት ይተክላሉ...»

«ማሙሽ አትክልት አይተክልም። ማሙሽ እንግዳ ሰው ይፈራል። ማሙሽ ከእኔ እጅ ካልሆነ በወጉ አይበላም።»

«ጠይቀሽዋል?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? አውቀዋለሁ እኮ!»

«እኔም አልጠየቅኩትም» አለ ወንድምጋሼ መነጽሩን እየመለሰ። «ለዚህ ነው ቦርዱ ይጠይቀው ያልኩት።»

ጥሏት ሄደ። እሷ እዚያው ቀረች። ደሟ ፈልቷል፤ ግን ከንዴቷ ሥር አንድ ቃል እንደ እሾህ ተሰክቷል። ቆልፈሽበት።

አባባን ወደ ቦርዱ ያመጣቸው የተቆለፈ በር ነበር። ወጣት ሳሉ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። በየሰው ጓሮ ይገባሉ። አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ቤት ኋላ ቆጣሪ ሲያነቡ ከዕቃ ቤት ውስጥ ሰው ሲያንጎራጉር ሰሙ። የቤቱ ሰዎች «ማንም የለም» አሏቸው። አባባ ግን መሰላላቸውን አስደግፈው ተቀመጡና በሩ ካልተከፈተ አልሄድም አሉ። ሲከፈት አንዲት ሽበት የጣለባት ሴት ወጣች፤ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ይህ ወሬ ከተማውን ዞረ። ቦርዱ ሲቋቋም ሕዝቡ መጀመሪያ የጠራው ስም የእሳቸውን ነበር።

ከዚያ ደግሞ የራሳቸው ቤት አለ። ማሙሽ ጢም ማብቀል የጀመረ ጊዜ ከግቢ ወጥቶ ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልግ ዋለ። የተገኘው ገበያ ውስጥ ነው፤ ከአንዲት ድንች ሻጭ አጠገብ ተቀምጦ ትልልቁን ከትንንሹ ይለያል። አባባ እያለከለኩ ሲደርሱ ቀና ብሎ «ሥራ ላይ ነኝ» አላቸው። ሴትዮዋም «እጁ ፈጣን ነው፤ ነገም ላኩት» አለች። አባባ አልተቆጡም፤ አልመቱትም። እጁን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱት። በማግስቱ የግቢው በር ላይ ቁልፍ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ማሙሽ ያለ እሳቸው አልወጣም። ክፉ ሆነው አይደለም። እስኪታመሙ ድረስ ጫማውን የሚያስሩለት፣ ጢሙን የሚላጩለት እሳቸው ነበሩ። ፈርተው ነው። እታለምም ያንን ፍርሃት እንደ ቤት ዕቃ ወርሳለች።

እስከዛሬ ግን የዚያችን ሴት በርና የማሙሽን በር ጎን ለጎን አቁማ አይታቸው አታውቅም።

በማግስቱ ሲስተር ብቻቸውን መጡ። ፀሐዩ ጣሪያውን እየሰነጠቀው ነው፤ ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ታፍኗል። ባለዳቦዋ እንደ ቃሏ ትኩስ ዳቦ ተሸክማ ደረሰች። ሽታው ሲገባ ወሬው እንኳ ለአፍታ ተቋረጠ። አንዱን በጨርቅ ጠቅልላ በቀጥታ ሲስተር ጉልበት ላይ አኖረችው።

«ይሄ ለእርስዎ ብቻ የተጋገረ ነው። ካልቆረሱልኝ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስሜን አጠፉብኝ ማለት ነው።»

«ሽታው ብቻ አጠገበኝ» አሉ ሲስተር፤ አንስተው አጠገባቸው ላሉት ሽማግሌ አቀበሉ።

«ጉድ!» አለች ባለዳቦዋ በሹክሹክታ፣ ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ። «ሴትዮዋ አፍንጫ የላቸውም እንዴ?»

እታለም አልመለሰችላትም። ሲስተር ማሳል ጀምረዋል። መጀመሪያ በመሀረብ አፈኑት። ከዚያ አልታፈን አላቸው፤ ደረታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሰው ሁሉ ዞረ። «ውሃ! ውሃ አምጡላቸው!» አለ አንዱ።

ውሃው ቀድሞም እታለም እጅ ላይ ነበር። ብርጭቆው በትሪው መሐል ቀዝቃዛ ላብ አልቦታል። ፊታቸው ቆመች። አንድ ጉንጭ። አንድ ጉንጭ ቢጎነጩ ነገሩ ሁሉ ያበቃል፤ ማሙሽ ቤቱ ይቀራል። «ይጠጡ» አለች፤ ልመና ይሁን ትእዛዝ ራሷም አልለየችውም።

ሲስተር እጃቸውን ዘርግተው ትሪውን ገፋ አደረጉት። ሳሉ፤ ደግመው ሳሉ። እስኪያልፍላቸው ድረስ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው እታለምን በክርኗ ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወሰዷት።

«ልትጥዪኝ ነበር» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ።

«ሲስተር፣ እኔ...»

«አትፍሪ። ከዚህ በፊትም አንዴ ጥለውኛል። ገና ቦርዱ ውስጥ እንደገባሁ፣ የመጀመሪያ ጉዳዬ ላይ፣ እርጎ ጠጣሁ። አባትሽ አፌን እንኳ ሳልጠርግ ጉዳዩን ከእጄ ወሰዱት። አኮረፍኩ። ‹በአንዲት ጽዋ እርጎ ልሸጥ ነው?› አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ትሪ ይዞ የሚመጣው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው እኮ። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ትሪ ይዞ መጥቶ ያውቃል?›»

እታለም ወደ እጇ አየች። ትሪውን አሁንም እንደያዘች ነው።

«ማሙሽ የት ነው?» አሉ ሲስተር።

«ተኝቷል።»

ከዝጉ በር ጀርባ ሬዲዮው አንድ ዘፈን ጀመረ፤ ወዲያው ተቀየረ።

እታለም ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ በሩን ከፈተች።

ማሙሽ ብርቱካንማ ሹራቡን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አባባ ከታመሙ ወዲህ በወጉ ያልተላጨ ጢሙ ወዲያና ወዲህ ተዘበራርቋል። ሲስተር ወንበር አልፈለጉም፤ ከአልጋው አጠገብ ያለችውን አጭር ዱካ ስበው ከእሱ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። አባባም በሰው ቤት እንዲህ ይቀመጡ ነበር፤ ዝቅ ብለው።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነው» አለች እታለም። «ትንሽ እንቅልፍ ነው ያስቸገረው።»

ሲስተር ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም። «ቀኑን እንዴት ነው የምታሳልፈው?»

«ሬዲዮ ይወዳል። ሰው ሲበዛበት...»

«እታለም፣ አፍ አታበድሪው።»

ወንድምጋሼ ድምፅ ሰምቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ወንድምና እህት ተያዩ። ይህ የአባባ አነጋገር ነው። የሰው ቤት ሲገቡ እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ ስትመልስ «አፍ አታበድሩት» ይሉ ነበር። በገዛ ቤታቸው ግን «ማሙሽ ደክሞታል»፣ «ማሙሽ ጠግቧል» የሚሉት እሳቸው ነበሩ።

«ከእንግዲህ የት መኖር ትፈልጋለህ?» አሉ ሲስተር። «ወንድምህ አንድ ሐሳብ አለው፤ እህትህም አላት። እኔ ደግሞ ያንተን ልሰማ ነው የመጣሁት። ጊዜ አለኝ።»

ማሙሽ ዝም አለ።  እታለም ከንፈሯን ነከሰች። አሁን ይፈራል። አሁን ያለቅሳል። አሁን አንድ የማይሆን ነገር ይልና ያበቃልናል። መልሱ አፏ ላይ ነው፤ ብትናገርለት ሁሉም ይገላገላል። ወንድምጋሼ መነጽሩን አወለቀ። ሲስተር ግን ፀጉሯን እንደምታሠራ ሴት ረጋ ብለው ተቀምጠዋል።

«እዚህ» አለ ማሙሽ በመጨረሻ።

እታለም እፎይ ልትል ስትል ቀጠለ።

«እዚህ ነው። ግን ቁልፉ አይኑር። እየወጣሁ ልግባ።»

«እሺ» አሉ ሲስተር። «ሌላስ?»

«ሌላ...» ጣቱን ወደ ሳሎኑ ቀሰረ። «እዚያ መቀመጥ። በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። ሰዎቹ ይመጣሉ፤ እታለምን ያጽናሽ ይሏታል። ወንድምጋሼን ያጽናህ ይሉታል። እኔን ማንም አላለኝም።» ትንፋሹን ሳበ። «እኔም እኮ አባባ ሞቶብኛል።»

 «ሞተ» የሚለውን ቃል ለማሙሽ የነገረው ሰው አልነበረም። እታለም «አባባ ሄዷል» ነው ያለችው። የቀብሩ ዕለት «አንተ ቤት ጠብቅ» ብላው በመስኮት ሲያያቸው ነው የወጡት። እንዳይረበሽ ብላ። አባቱን እንዳይቀብር አደረገችው፤ እንዳይረበሽ ብላ።

ሲስተር ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ። «ያለውን እንዳለ ለቦርዱ እናገራለሁ። ተመልሼ ደግሞ እጠይቀዋለሁ፤ ውሳኔውም የእኔ ብቻ አይደለም። ቁልፉ ግን ቦርድ መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም።»

«በመኪና ቢገጭስ?» አለች እታለም። ድምጿ እንደ ልጅ ቀጠነ። «ሲስተር፣ እኔ እኮ ሌላ የለኝም። ቢጠፋብኝስ?»

«ስጋትሽን አልንቅም። መንገዱን አስተምሩት፤ አብራችሁት ተመላለሱ። ይህም ይጻፋል። ስለ ፍርሃትሽ ብለሽ ግን እሱን ልትቀጪው አትችዪም።»

ወንድምጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጠዋት ጠዋት ወደ መድኃኒት ቤቱ ስሄድ በዚህ ማለፍ እችላለሁ» አለ። ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። እታለም ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አላዞረችበትም።

እሷ ቀድማ ወጥታ ቦታዋ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወንድምጋሼም ከጎኗ። ትንሽ ቆይቶ ማሙሽ በኮሪደሩ ብቅ አለ። ብርቱካንማ ሹራቡ በዚያ ጥቁር ልብስ መሐል እንደ ፋና በራ። ወሬው ቀጥ አለ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። አንዱ ሽማግሌ «ኧረ ልጁን አስገቡት፤ ይጨነቃል» ሲሉ ባለዳቦዋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና፣ «የተጨነቁትስ እርስዎ ነዎት አባቴ፤ እሱማ ቤቱ ነው» አለች።

እታለም ወደ ዳር ፈቀቅ አለችለት። ማሙሽ መሐል ላይ፣ በእሷና በወንድምጋሼ መካከል ተቀመጠ። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ይዟል። እሷ ከራሷ ላይ ጥቁር ሻርፗን ፈትታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

አንድ ረጅም ሰው ከግቢ ገባ፤ የአባባ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ቆጣሪ አንባቢ። ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ሁሉም ሰው እጁን ወደ እታለም ዘረጋ። እሷ ግን ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳሉ ተወቻቸው፤ ዓይኗን ብቻ ወደ ጎን መለሰች። ሰውየው ግራ ገባው። ከዚያ ጥቁሩን ሻርፕ አየ፤ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጽናህ ወንድሜ። አባትህ ትልቅ ሰው ነበሩ።»

ማሙሽ ተነሣ። የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አሜን» አለ።

ሲቀመጥ ሻርፑ ከትከሻው ተንሸራተተ። እታለም ልታነሳለት እጇን ሰደደች፤ መንገድ ላይ መለሰችው። እሱ ራሱ አንስቶ አስተካከለው፤ በጫፉም ዓይኑን ጠረገ።